እቅዱን በፈረሱ ዕድሜ ቁጠሩት

አንድ ብሔራዊ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን ለስምንት ዓመት መርቻለሁ። ሁለት የምርጫ ዘመን መሆኑ ነው። ይህን የምጽፈው እንዲህ ያለ ወንበር ላይ በቅርቡ ለተቀመጠ፣ ወይም ልወዳደር ብሎ ለሚያስብ ሰው ነው። እኔ ስጀምር ቁጭ አድርጎ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። ብዙውን ነገር ተደናቅፌ ነው የተማርኩት። እናንተ ቢያንስ እኔን ያደናቀፈኝን ድንጋይ አይታችሁ እለፉት።

የመጀመሪያው ድንጋይ ያገኘኝ በተመረጥኩ በሦስተኛው ወር ነው። የስምንት ዓመት ስትራቴጂክ እቅድ አዘጋጅቼ ለክለቦች፣ ለዳኞችና ለባለፈረሶች አቀረብኩ። ብዙ ሌሊት የሠራሁበት ሰነድ ነበር። የመጨረሻው ገጽ ላይ በመሰናክል ዝላይ ሙሉ ቡድን ይዘን ኦሊምፒክ እንገባለን የሚል ግብ ሰፍሯል። ተጨበጨበ። ጭብጨባው ሲበርድ ከኋላ ወንበር አንድ አዛውንት ባልደራስ እጃቸውን አወጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጋጣ ውስጥ የኖሩ ሰው ናቸው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ በየትኛው ፈረስ ነው የምንገባው?» አሉኝ።

«ያን ጊዜ በሚኖሩን ፈረሶች ነዋ፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«እነሱማ አሁን ተወልደው መሮጥ ነበረባቸው። እኛ ጋ ባዝራዋ እንኳ ገና አልተጠቃችም።»

አዳራሹ ጸጥ አለ። እኔም የምመልሰው አልነበረኝም። ማታ ቤቴ ገብቼ ወረቀት ላይ ደመርኩት። ባዝራ የምታረግዘው አሥራ አንድ ወር ያህል ነው። ውርንጭላው ሦስት ወይም አራት ዓመት ሳይሞላው በቅጡ ኮርቻ አይጫንበትም። በኦሊምፒክ የመሰናክል ዝላይ የሚወዳደር ፈረስ ደግሞ ቢያንስ 9 ዓመት ሊሆነው ይገባል። ዛሬ የተጸነሰ ፈረስ ኦሊምፒክ ሜዳ ለመርገጥ ገና አሥር ዓመት ይቀረዋል ማለት ነው። የእኔ እቅድ ስምንት ዓመት ነው። ሰውየው ትክክል ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ከአእምሮዬ ወጥቶ አያውቅም። ስፖርቱ የሚመራው በአራት ዓመት የኦሊምፒክ ዑደት ነው። ምርጫውም፣ በጀቱም፣ ስፖንሰሩም በዚያው ይዞራል። ፈረሱ ግን በራሱ ጊዜ ነው የሚያድገው። የፌዴሬሽን መሪ ከባዱ ሥራ እነዚህን ሁለት ሰዓቶች ማስታረቅ ነው።

«የደረሰ ፈረስ ገዝቶ መግባትስ?» የሚል ይኖራል። ይቻላል፤ እኛም አስበንበት ነበር። ግን ሁለት ነገር አለ። ባለቤቱና ጋላቢው የአንድ አገር ዜጋ ሆነው ከኦሊምፒኩ ወራት አስቀድሞ መመዝገብ አለባቸው። ስለዚህ የመጨረሻ ሰዓት ግዢ አያዋጣም። ሁለተኛው ይከፋል። ከቶኪዮ 2020 ጀምሮ አንድ ቡድን ሦስት ፈረስና ሦስት ጋላቢ ነው። እንደ ድሮው የአራተኛው ደካማ ውጤት የሚጣልበት አሠራር ቀርቷል። ሦስቱም ይቆጠራሉ። አንዱ ፈረስ በሐኪም ፍተሻ ላይ ካነከሰ ጠቅላላ ቡድኑ ይናጋል። ሦስት ፈረስ ይዤ እሄዳለሁ ያለ ሰው ቤቱ ስድስት ወይም ሰባት ሊኖረው ይገባል። ይህ ደግሞ በአንድ ግዢ አይመጣም።

እናም እቅዱን ቀድጄ ከቆጠራ ጀመርኩ። ብዙ አዲስ መሪ ከራዕይ ይጀምራል። እኔ የምመክረው ከመዝገብ እንድትጀምሩ ነው። ስንት ፈረስ አለን? ዕድሜያቸው ስንት ነው? ማን ይጋልባቸዋል? ባለቤቱ ነገ ሊሸጥ ያሰበው የትኛውን ነው? ቢሮ ውስጥ ወፍራም መዝገብ ነበረን። እሱን አምኜ ብቀመጥ ኖሮ በሌሉ ፈረሶች እቅድ አወጣ ነበር።

አንድ ቀን ከፌዴሬሽኑ የእንስሳት ሐኪም ጋር አንድ ጋጣ ሄድን። መዝገቡ ላይ ያለችው ባዝራ ዳማ ናት፣ ግንባሯ ላይ ቦራ አላት፣ የኋላ ግራ እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ነጭ ነው። ፓስፖርቷ ላይ ያለው ሥዕልም ይህንኑ ያሳያል። ሐኪሙ ከቆዳ ሥር የተቀበረውን መለያ ቺፕ የሚያነበውን መቃኛ አንገቷ ግራ ጎን ላይ፣ ከጋማዋ ሥር አደረገ። መሣሪያው ድምፅ አሰማና 15 አኃዝ ያለው ቁጥር አወጣ። ከፓስፖርቱ ጋር ስናስተያየው የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች ሌላ ናቸው። ጎንበስ ብዬ እግሯን አየሁ። አንዲት ነጭ ፀጉር የላትም። ግንባሯ ላይ ቦራው አለ፤ እግሯ ግን ሙሉ ዳማ ነው። ከፊታችን የቆመችው የመዝገቧ ባዝራ ታናሽ እህት ነበረች። ታላቋ ከሁለት ዓመት በፊት ሞታለች። ክትባቱ፣ የውድድር ውጤቱ፣ ሁሉም ነገር በሞተችው ስም ይመዘገብ ነበር። ማንም ለማጭበርበር ያደረገው አይደለም። ወረቀት ለማስቀየር የሚሄድ ሰው ስለጠፋ ብቻ ነው።

ይህ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። አይደለም። ፈረሱ ማን መሆኑን ካላወቃችሁ ክትባቱን አታውቁም። የተሰጠውን መድኃኒት አታውቁም። በሽታ ቢነሳ ከማን ጋር እንደዋለ አታውቁም። ዘሩን አታውቁም፤ ስለዚህ ማርባትም አትችሉም። እኛ ቆጠራውን ለመጨረስ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ፈጀብን። ሥራ አስፈጻሚው ውስጥ «መቼ ነው ሥራ የምንጀምረው?» የሚሉ ነበሩ። ሥራው እሱ ነበር።

ፈረሱን ስትቆጥሩ ሰዉንም አብራችሁ ቁጠሩ። እዚህ ላይ የደነገጥኩትን ያህል በሌላ አልደነገጥኩም። ጋላቢ አለን። አሰልጣኝ አለን። የመሰናክል መስመር የሚነድፉ ሰዎች ግን ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ሁለቱም ለጡረታ የተቃረቡ። የኮቴ ባለሙያ ለመላው ክለብ በጣት የሚቆጠር ነው። ውድድር ሜዳሊያ ከሚወስደው ልጅ በፊት እነዚህን ሰዎች ይፈልጋል። ጥሩ ነዳፊ የሌለበት አገር ውስጥ ፈረሶች ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መስመር ይዘላሉ። ውጭ ሲወጡ ርቀቱ ይምታታባቸዋል፤ ፈረሱ ይፈራል፤ ጋላቢው ይወድቃል። የዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን የውድድር ኃላፊዎች፣ ነዳፊዎችም ጭምር፣ ደረጃቸው ከ1 እስከ 4 ነው። ከታች ተነስቶ ላይ ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል። እንደ ፈረሱ ማለት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው በጀት ለብሔራዊ ቡድን ማልያ የተመደበውን ገንዘብ ሁለት ወጣት ነዳፊዎችን ለማሠልጠን አዞርነው። ልጆቹ በአሮጌ ትራክ ቱታ ተወዳደሩ። ተቆጡኝ። ዛሬም ያው ውሳኔ ቢመጣ ያንኑ አደርጋለሁ።

ስለ ገንዘብ ብዙ አልልም። አንድ ትልቅ ስፖንሰር ነበረን። በሁለተኛው ዓመት አመራሩ ተቀየረና በአንድ ገጽ ደብዳቤ ውሉን አቋረጠ። የዓመቱ ውድድር ግማሹ ተሰረዘ። ከዚያ በኋላ ከአንድ ምንጭ ከዓመቱ ወጪ ሲሶ በላይ አንቀበልም የሚል ደንብ አወጣን፤ የስድስት ወር መንቀሳቀሻ የሚሆን ገንዘብም ሳይነካ እንዲቀመጥ አደረግን። የክለቦች ዓመታዊ መዋጮ ትንሽ ነው። ግን ደብዳቤ ጽፎ አይሄድም። ኦዲተራችሁን ደግሞ ውደዱት። የእኛዋ ኦዲተር ደረሰኝ የሌለው ወጪ ሁሉ ላይ በቀይ ታከብ ነበር። በጉባኤ ፊት የሚያሳፍረኝ ነገር ያጣሁት በእሷ ምክንያት ነው።

አሁን የእኔ ጥፋት ወደሆነው ልምጣ። የቡድን ምርጫ።

የመጀመሪያው የአህጉር ሻምፒዮና ሲቃረብ የምርጫ መስፈርት አወጣን። በእነዚህ ውድድሮች፣ እስከዚህ ቀን ድረስ፣ ይህን ውጤት ያመጣ ይመረጣል ይላል። ግልጽ ነው። ቀኑ ሲደርስ አንድ በጣም ጎበዝ ጋላቢ ፈረሱ ኮቴው አብጦበት የመጨረሻውን ውድድር አመለጠው። ከሳምንት በኋላ ፈረሱ ዳነ። ሌላ ውድድርም ነበር። እኔ ቀኑን በአንድ ሳምንት አራዘምኩት። ለቡድኑ ይበጃል ብዬ ነው። ልጁም ውጤቱን አመጣና ተመረጠ። በዚያ ምክንያት አንዲት ልጅ ከዝርዝሩ ወጣች።

እናቷ ደወሉልኝ። አልተቆጡም። «ልጄ ቀኑን አይታ ነው ፈረሷን ያሳረፈችው» አሉኝ። «ደርሻለሁ ብላ እፎይ አለች። ቀኑ እንደሚራዘም ብታውቅ ኖሮ እሷም ትጋልብ ነበር። እርስዎ ቢሆኑ ምን ይሏታል?»

ምን እላታለሁ። ይግባኝ ጠየቀች። መብቷ ነው። የእኛ የይግባኝ ኮሚቴ ውስጥ ከነበሩት ሦስት ሰዎች አንዱ የተመረጠው ፈረስ የጋራ ባለቤት መሆኑ የታወቀው ያን ጊዜ ነው። ሰውየው አልደበቀም፤ ቀድሞ የጠየቀው ሰው ስላልነበረ ብቻ ዝም ብሎ ተቀምጧል። ጉዳዩ እዚያው አገር ውስጥ ካላለቀ ሎዛን ወዳለው የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል አሉን ጠበቃው። በመጨረሻ መስፈርቱ እንደተጻፈው ይጽና ተብሎ ልጅቷ ተመለሰች፤ ልጁ ወጣ። ልጁ ዓመት ሙሉ አኮረፈኝ። ሁለቱንም የበደልኩት እኔ ነኝ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ሆነ።

ከዚህ በኋላ ያደረግነውን በዝርዝር ልንገራችሁ፤ የሚጠቅማችሁ እሱ ነውና። መስፈርቱ ውድድሩ ከመጀመሩ ከአሥራ ሁለት ወር በፊት ይወጣል። አንዴ ከወጣ ፕሬዚዳንቱም ሆነ ሥራ አስፈጻሚው አይነካውም። ፈረስ ቢታመም ምን እንደሚደረግ እዚያው ውስጥ አስቀድሞ ይጻፋል፤ የሐኪም ማስረጃው በስንት ሰዓት ውስጥ መድረስ እንዳለበት ጭምር። መራጮች በየዓመቱ የትኛው ፈረስ ላይ ድርሻ እንዳላቸው፣ የትኛውን ጋላቢ እንደሚያሠለጥኑ፣ ከማን ጋር እንደሚዛመዱ ጽፈው ይፈርማሉ። በትንሽ ስፖርት ውስጥ ሁሉም ሰው ይተዋወቃል፤ ይዛመዳል። ጥቅም የሌለው ሰው ብትፈልጉ አታገኙም። መጻፍ ያለበት ለዚህ ነው። የሚመለከተው ጉዳይ ሲነሳ ሰውየው ወጥቶ ውጭ ይቆያል፤ ቃለ ጉባኤውም መውጣቱን ይመዘግባል።

ወደ ፊት ስለ ማቀድ ካነሳን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የፈረሱ ደኅንነት ነው። ለፈረሱ ከማዘን የመጣ ነው፤ አዎ። ግን ስፖርቱ ራሱ የሚኖረውና የሚሞተው በዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ቶኪዮ ላይ አምስት ስፖርቶች በሚጣመሩበት በዘመናዊ ፔንታትሎን የሆነውን ዓለም አይቷል። ፈረሱ ተጨንቆ እምቢ አለ፤ ጋላቢዋ አለቀሰች፤ አሠልጣኟ ፈረሱን በቡጢ መታች። ከዚያ በኋላ ያ ስፖርት ከ1912 ጀምሮ አብሮት የኖረውን ግልቢያ አስወጣ። ሎስ አንጀለስ 2028 ላይ በቦታው የመሰናክል ሩጫ ነው ያለው። ከፓሪስ 2024 ጥቂት ቀናት በፊት ደግሞ የብዙ ሜዳሊያ ባለቤት የሆነች ጋላቢ በሥልጠና ላይ ፈረስ በአለንጋ ደጋግማ ስትመታ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጣ፤ ራሷን ከውድድር አገለለች፤ የአንድ ዓመት እገዳም ተጣለባት። እነዚህን ቪዲዮዎች ያየ ሰው ስለ ድሬሳዥ፣ ፈረሱ በጋላቢው ምልክት የተለካ እንቅስቃሴ ስለሚያሳይበት ዘርፍ፣ ሕግ ምንም አያውቅም። የሚያውቀው ፈረሱ ሲመታ ማየቱን ነው። የእኛን ስፖርት የሚፈቅድልን ያ ሰው ነው። ፈቃዱን ካነሳ ምንም ስትራቴጂ አያድነንም።

እና የፈረሱን ደኅንነት የት ነው የምታዩት? ዋናው ሜዳ ላይ አይደለም። እዚያ ሁሉም ሰው ጨዋ ነው። ማሟሟቂያው ሜዳ ላይ ቁሙ።

በአራተኛው ዓመት አንድ ውድድር ላይ ከክብር ወንበሬ ተነስቼ ወደዚያ ሄድኩ። አጥሩን ተደግፌ ቆምኩ። አንድ አንጋፋ፣ በጣም የተከበረ ጋላቢ እየጋለበ ነው። የፈረሱ የአፍንጫ ማሰሪያ ሥጋው ውስጥ ገብቷል። ፈረሱ ጅራቱን ያወናጭፋል፤ ዓይኑ ነጩ ይታያል። አንዲት ወጣት ስቱዋርድ፣ ደንብ መከበሩን የምትቆጣጠር፣ አጠገቤ ቆማለች። የሥራ ካርዷን በሁለት እጇ ጨብጣዋለች። አየችኝ። ከዚያ ሄደች።

«ይቅርታ፣ ማሰሪያውን ልየው» አለችው።

«አንቺ ሳትወለጂ ነው እኔ ፈረስ ላይ የወጣሁት» አላት።

እሷ መልስ አልሰጠችም። ሁለት ጣቷን ከማሰሪያውና ከአፍንጫው አጥንት መሀል ለማስገባት ሞከረች። አንዱም አልገባም። «ይፍቱልኝ» አለችው። ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። ጓደኛዬ ነው፤ በምርጫው ድምፅ የሰጠኝ ሰው ነው። «እሷ ያለችውን አድርግ፤ ካልሆነ አትገባም» አልኩት። ሁለት ቀዳዳ ላላ አደረገው። ፈረሱ አንገቱን ዘረጋ፤ ከንፈሩን ላሰ፤ ልጓሙን ማኘክ ጀመረ። ጆሮዎቹ ወደ ጎን ወደቁ። ማንም ሰው ፈረስ ባያውቅ እንኳ ልዩነቱን ያይ ነበር።

ያ ሰው ለረጅም ጊዜ አላናገረኝም። ክለቡም በሚቀጥለው ምርጫ ተቃወመኝ። እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው። ሰውየው የልጅቷን ቃል የሰማው እኔ አጥሩ ላይ ስለነበርኩ ነው። ባልኖርስ? ስለዚህ በዚያው ዓመት ጉባኤ ማሟሟቂያ ሜዳ ላይ የስቱዋርድ ውሳኔ የመጨረሻ ነው፤ ፕሬዚዳንቱም ሊሽረው አይችልም የሚል አንቀጽ አስገባን። ስቱዋርዶች ሁልጊዜ ሁለት ሁለት ሆነው ይመደባሉ። ከክለባቸው ጋላቢ ባለበት ውድድር አይመደቡም። እ.ኤ.አ. በ2025 ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን የአፍንጫ ማሰሪያን ጥብቀት የሚለካ መሣሪያ ሥራ ላይ ሲያውል እኔ በጣም ደስ አለኝ። ጣት እንደየሰው ይወፍራል፤ ይቀጥናል። መሣሪያ ግን ከማን ጋርም አይከራከርም።

ስለ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ካነሳሁ አንድ ምክር ልጨምር። ኤፍ ኢ አይ የሚባለው ይህ ፌዴሬሽን የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1921 ነው፤ መቀመጫው ሎዛን ነው። ከእያንዳንዱ አገር የሚያውቀው አንድ ብሔራዊ ፌዴሬሽን ብቻ ነው። በጉባኤው የብዙ ሺህ ፈረስ ባለቤት የሆነው አገርም፣ ገና ጀማሪውም አንድ አንድ ድምፅ ነው ያላቸው። የሕግ ማሻሻያ ረቂቆች ለጉባኤው ከመቅረባቸው ወራት በፊት ለአስተያየት ይላካሉ። ብዙዎቻችን አናነባቸውም። ረዣዥም ናቸው። እኛ ለሐኪሙ፣ ለአንድ ዳኛና ለአንድ ወጣት ጋላቢ ከፋፍለን ሰጠን። በስምንት ዓመት ውስጥ ሁለት አስተያየታችን ተቀባይነት አግኝቷል። ትንንሽ ነገሮች ናቸው፤ ግን ገና ፈረስ የሌለው ክለብ ሳይቀር ያን ቀን ኮራ።

በሽታ ደግሞ አታመንቱበት። እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ ስፔን ውስጥ ቫሌንሲያ ውድድር ላይ የፈረስ ሄርፐስ ቫይረስ ተነስቶ በአውሮፓ ምድር ውድድር ለሳምንታት ተቋርጧል፤ ፈረሶች ሞተዋል። ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ጋጣ በር ላይ ወረቀት ሰቀልን። ጠዋትና ማታ የፈረሱ ሙቀት ይጻፍበታል። ከ38.5 ዲግሪ ሲያልፍ ባልደራሱ ፈረሱን ሳያንቀሳቅስ ሐኪም ይጠራል። ባልደራሶቹ መጀመሪያ ላይ ሥራ በዛብን አሉ። አንድ ቀን ጠዋት 39.4 ተጻፈ። ፈረሱ ይበላል፤ ደኅና ይመስላል። ለይተን አስቀመጥነው። ተራ ጉንፋን ሆኖ ተገኘ፤ ግን ከእሱ ወደ ሌላ አላለፈም። ከዚያ ወዲህ ስለ ወረቀቱ ያጉረመረመ የለም።

ባልደራሶችን በስም ጠርቼ ላመሰግን ብፈልግ ገጽ አይበቃኝም። እቅዳችሁ ውስጥ የት ናቸው? የእኔ የመጀመሪያ ሰነድ ውስጥ ባልደራስ የሚል ቃል አልነበረም። ፈረሱ ጋ ከማንም በላይ የሚውለው እሱ ነው። ማንከሱን መጀመሪያ የሚያየው እሱ ነው። በጠቅላላ ጉባኤው ሁለት የባልደራሶች ድምፅ እንዲኖር ደንቡን ስናሻሽል የተቃወሙ ባለፈረሶች ነበሩ። አለፈ፤ በጥቂት ድምፅ። አሁን ማንም ቢሆን ያንን ሊመልስ አይደፍርም።

የተረሱ ሰዎችን ካነሳን፣ ይህ ስፖርት ራሱ ለብዙ ዘመን በሩን ዘግቶ ነበር። እስከ እ.ኤ.አ. 1952 ድረስ ኦሊምፒክ ላይ የሚጋልበው በአብዛኛው የጦር መኮንን ነበር። በዚያ ዓመት ሄልሲንኪ ላይ በሩ ሲከፈት ዴንማርካዊቷ ሊስ ሃርቴል በድሬሳዥ ብር አገኘች። ፖሊዮ ከጉልበቷ በታች አሽመድምዷት፣ ፈረሷ ላይ የምትወጣው በሰው ድጋፍ ነበር። ዛሬ ወንድና ሴት እኩል የሚወዳደሩበት ስፖርት ነው። የአካል ጉዳተኞች ድሬሳዥም ከአትላንታ 1996 ጀምሮ ፓራሊምፒክ ውስጥ አለ። እኛ ይህን ዘርፍ የጀመርነው በበጎ ፈቃድ ነበር። ያልጠበቅነውን ጥቅም አመጣልን። ፈረስ 25 ወይም 30 ዓመት ሊኖር ይችላል። ከከባድ ውድድር ግን በአሥራዎቹ መጨረሻ ይወጣል። ከዚያ በኋላስ? ባለቤቱ ይደክመዋል፤ ጋጣው ለወጣት ፈረስ ይፈለጋል። ረጋ ያለ፣ ብዙ ያየ አሮጌ ፈረስ አካል ጉዳተኛ ጋላቢ የሚፈልገው ነው። ሰባት ፈረሶችን እንዲህ አሸጋግረናል። እቅዱ በፈረሱ ዕድሜ ይቆጠር ስል እርጅናውንም ማለቴ ነው።

ሦስተኛ ዘመን ተወዳደር ብለውኝ ነበር። ደንቡ ከሁለት ዘመን በላይ አይፈቅድም፤ ያን አንቀጽ ያስገባሁት ደግሞ እኔ ነኝ። የመጨረሻዎቹን ስድስት ወራት በርክክብ አሳለፍኩ። እኔ የተረከብኩት አንድ ቁልፍና አንድ ማኅተም ነበር። ስለዚህ ለተተኪዬ ያልጨረስኳቸውን፣ የተበላሹብኝን፣ ቃል የገባሁላቸውን ሰዎች ስምና ስልክ ጭምር ጽፌ ሰጠሁ። ያቃቃርኳቸውንም ጻፍኩ። እነሱን ማወቅ ለአዲስ መሪ ይበልጥ ይጠቅማል።

በመጨረሻው ቀን ተተኪዬን ይዤ እኚያ አዛውንት ባልደራስ ጋጣ ሄድን። ያን ጊዜ «ገና አልተጠቃችም» ያሏት ባዝራ በዚያው ዓመት ተጠቅታ ነበር። የወለደቻት ውርንጭላ አሁን ስድስት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። ዳማ ናት። ዝላይ ላይ ጉልበቷን ወደ ደረቷ የምትሰበስብበት መንገድ የተለየ ነው፤ ሁሉም አሠልጣኝ የሚናገረው ስለዚህ ነው። ተተኪዬ ዕድሜዋን ጠየቀችኝና በጣቷ ደመረች።

«ገና ከሁለት ዓመት በላይ ይቀራታል» አለች።

«አዎ» አሏት አዛውንቱ። «አትቸኩሉብኝ።» ገመዷን ፈቱና ወደ ሜዳ ይዘዋት ወጡ።